ጸድቷል የሚባለው ለማን ነው? የኑክሌር ጣቢያ ሲፈርስ የነባር ሕዝቦች ድርሻ

ወሽባ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ውሃው ሲፈላ፣ እንፋሎቱ ሲነሣ፣ በጋቢ ተሸፍኖ የተቀመጠው ሰው አየሩን እስከ ሳንባው ጥግ ድረስ ይስበዋል። ቅጠሉም ሽታውም አብሮ ይገባል። ውሃው መርዝ ካለበት መርዙም እንዲሁ።

በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳርና አካባቢው የሚኖሩት የያካማ፣ የዩማቲላ፣ የኔዝ ፐርስና የዋናፑም ሕዝቦች የእንፋሎት ቤት ልማድ አላቸው። በጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ ያፈሳሉ፣ ይጸልያሉ፣ ሰውነትንም መንፈስንም ያነጻሉ። በዚያው ወንዝ ዳር ደግሞ ሃንፎርድ አለ። አሜሪካ ለአቶም ቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም ያመረተችበት፣ ዛሬ ከዓለም ትልልቅ የኑክሌር ጽዳት ሥራዎች አንዱ የሚካሄድበት ቦታ ነው። መሐንዲሶች "የተበከለው የከርሰ ምድር ውሃ ሰውን ምን ያህል ይጎዳል?" ብለው ሲያሰሉ በሐሳባቸው አንድ ሰው ይፈጥራሉ። በቀን ስንት ሊትር እንደሚጠጣ፣ ስንት ግራም ዓሣ እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት ደጅ እንደሚውል ቁጥር ይሰጡታል። ለረጅም ጊዜ በዚያ ስሌት ውስጥ የኖረው ሰው የእንፋሎት ቤት የማይገባ፣ ሥራ ሥር ቆፍሮ የማይበላ፣ ዓሣም አልፎ አልፎ ብቻ የሚቀምስ ነበር።

የኑክሌር ጣቢያ ሲዘጋ ከነባር ሕዝቦች ጋር ግንኙነት መመሥረት ያስፈልጋል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የመክፈቻ ጸሎት፣ የሽማግሌዎች ንግግርና የመታሰቢያ ሰሌዳ ነው። እነዚህ ክብር አላቸው። የነገሩ ልብ ግን ያ ስሌት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ቦታው "ጸድቷል" ሲባል ለማን ነው የጸዳው? ያንንስ የሚወስነው ማን ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መዝጋት ማለት ቆልፎ መሄድ አይደለም

ተራ ፋብሪካ ሲከስር ቁልፉ ይዘጋል፣ ዕቃው ይሸጣል። የኑክሌር ጣቢያ እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ነዳጁ ይወጣል። ቧንቧውና ማጠራቀሚያው ይታጠባል፣ ሕንጻው ይፈርሳል፣ ፍርስራሹና የተበከለው አፈር ተዝቆ ወደ መቀበሪያ ይሄዳል። ወደ ከርሰ ምድር የሰረገው መርዝ ለአሥርት ዓመታት እየተሳበ ይጣራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ የሚመስለው ጥያቄ "መሬቱ ወደፊት ለምን ይውላል?" የሚለው ነው። በተግባር ግን ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ካልተመለሰ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚቆፈር አይታወቅም። መሬቱ ለኢንዱስትሪ ነው ከተባለ ሠራተኛው ስምንት ሰዓት ውሎ ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ጥቂት ብክለት ቢቀር ይታለፋል። ቤተሰብ የሚኖርበት ከሆነ ልኩ ይጠብቃል። ሰው ዓሣ የሚያጠምድበት፣ መድኃኒት የሚለቅምበት፣ የሚጸልይበትና የሚቀበርበት ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ከሥሩ ይለወጣል። የአንዲት ቃል ልዩነት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ታስወጣለች።

ስለዚህ ነባሩ ሕዝብ ወደ ጠረጴዛው መቼ ተጠራ የሚለው ትልቅ ነገር ነው። የመሬቱ አገልግሎት ከተወሰነ በኋላ የተጠራ ሰው የተወሰነውን ሊሰማ ነው የመጣው።

የወንዝ ሰዎች

ሲያትልና አካባቢዋ የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ ናት። ሃንፎርድ በዚያው በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል በመኪና ከሦስት እስከ አራት ሰዓት የሚወስድ መንገድ ላይ ይገኛል። ተራሮቹን አልፈው ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ አረንጓዴው ያበቃና ደረቅ፣ ቁጥቋጦ የለበሰ ሜዳ ይጀምራል። በመካከሉ ኮሎምቢያ ይፈሳል። የአካባቢው ሰዎች በሳሃፕቲን ቋንቋ ንቺ ዋና ይሉታል፤ ታላቁ ወንዝ ማለት ነው። ዋናፑም የሚለው ስምም ከዚሁ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የወንዝ ሰዎች ነው። የአንድ አገር ሰውን "የወንዜ ልጅ" ብለን ለምንጠራ ለእኛ ይህ ስም ማብራሪያ አይሻም።

በ1943 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ለምሥጢራዊ የጦር ሥራ ወሰደ። የሃንፎርድና የዋይት ብለፍስ ከተሞች ገበሬዎች በሳምንታት ውስጥ ውጡ ተባሉ። ክረምቱን በዋይት ብለፍስ አካባቢ የሚያሳልፉት ዋናፑሞችም ተነሡ። መጀመሪያ ላይ በአጃቢ እየገቡ ዓሣ እንዲያጠምዱ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ኋላ ያም ቀረ። ዋናፑሞች ከመንግሥት ጋር ውል ፈርመው አያውቁም፣ በውል የተከለለ መሬትም የላቸውም። ጥቂት ቤተሰቦች ሆነው ዛሬም ከሃንፎርድ በላይ፣ ፕሪስት ራፒድስ በሚባለው የወንዙ ክፍል አጠገብ ይኖራሉ።

እኛ "አጽመ ርስት" የምንለው የወል አባት መሬት ነው። ቃሉን ከፍተን ብናየው ግን ርስቱን ርስት ያደረገው አጽሙ ነው፤ የተቀበሩት ናቸው የባለቤትነቱ ምስክሮች። የሃንፎርድ መሬት ለእነዚህ ሕዝቦች እንዲህ ነው። በ1996 ከሃንፎርድ በታች፣ ኬነዊክ ከተማ አጠገብ፣ ከወንዙ ዳር ወደ 9,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የሰው አጽም ተገኘ። ሳይንቲስቶች ይጠና አሉ፣ ነባር ሕዝቦች አባታችን ነው እንቅበረው አሉ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። በ2015 የዘረመል ምርመራ ሰውየው ከዛሬዎቹ ነባር ሕዝቦች ጋር እንደሚዛመድ አሳየ። በየካቲት 2017 አምስት ሕዝቦች ተሰባስበው ቀበሩት። ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ፕሉቶኒየም 239 ግማሹ የሚጠፋው በ24,100 ዓመት ነው። ስለዚህ ዓይነት ዘመን ሲወራ መሐንዲስም፣ ሚኒስቴርም፣ ኩባንያም ልምድ የላቸውም። በሺህ ዓመት የሚቆጠር ትዝታ ይዞ በዚያ ስብሰባ ላይ የሚቀመጥ ቢኖር የእነዚህ ሕዝቦች ሽማግሌ ብቻ ነው።

ያካማ፣ ዩማቲላና ኔዝ ፐርስ በ1855 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል ፈርመዋል። ያካማዎች ብቻ ከ4 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ለቀቁ። በምትኩ በድሮ ማጥመጃ ቦታዎቻቸው ሁሉ ዓሣ የማጥመድ፣ ባልተያዘ ክፍት መሬት ላይ የማደን፣ ሥራ ሥርና ፍሬ የመልቀም መብታቸውን አስጻፉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ መንግሥት ለእነርሱ የሰጣቸው ችሮታ ይመስለዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1905 በዋይናንስ ጉዳይ ላይ ነገሩን በተቃራኒው አስቀመጠው፦ ውሉ ከእነርሱ ለመንግሥት የተሰጠ መብት ነው፣ ያልሰጡት ሁሉ በእጃቸው ቀርቷል። ቤቱን ሲሸጥ ምንጩን ለራሱ ያስቀረ ሰው ምንጩን ከገዢው አልተቀበለም።

ሃንፎርድ "ባልተያዘ ክፍት መሬት" ውስጥ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ላይ መንግሥትና ሕዝቦቹ እስካሁን አይስማሙም። የጽዳቱ ልክ የሚንጠለጠለው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ነው።

የተደበቀው አዮዲን

በወንዙ ዳር ዘጠኝ ሪአክተሮች፣ ማለትም ፕሉቶኒየም የሚመረትባቸው የኑክሌር ምድጃዎች ተሠሩ። ስምንቱ ከኮሎምቢያ ውሃ ስበው በሪአክተሩ ልብ ውስጥ አሳልፈው፣ ለአጭር ጊዜ አቆይተው፣ መልሰው ወደ ወንዙ ይለቁት ነበር። የኬሚካሉ ዝቃጭ በመሬት ውስጥ በተቀበሩ 177 ጋኖች ተጠራቀመ፤ 212 ሚሊዮን ሊትር ገደማ። ከአሮጌዎቹ ጋኖች ብዙዎቹ አፍስሰዋል። በ2019 የወጣው የመንግሥት ግምት ቀሪው ሥራ ከ323 እስከ 677 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈልግ ይናገራል።

ይሁንና ግንኙነትን በተመለከተ ከጋኖቹ በላይ የከበደው ሌላ ነገር ነው። በታኅሣሥ 1949 ጣቢያው ሆን ተብሎ ብዙ ጨረር አመንጪ አዮዲን 131 ወደ አየር ለቀቀ። አዮዲን በሣር ላይ ያርፋል፣ ከሣሩ ወደ ወተት፣ ከወተቱ ወደ ሕፃናት እንቅርት ዕጢ ይሄዳል። በነፋሱ አቅጣጫ የሚኖር ማንም አልተነገረውም፤ ነባሩም ሕዝብ፣ ነጩም ገበሬ። ይፋ የሆነው በ1986 19,000 ገጽ ሰነድ ሲለቀቅ ነው። 36 ዓመት ያህል።

እንግዲህ ይህ ከሆነ በኋላ የመጣ ባለሥልጣን "ውሃው ደኅና ነው" ብሎ ወረቀት ሲዘረጋ ከፊቱ የተቀመጡት ሰዎች ዝም ቢሉ ዝምታቸው ስምምነት አይደለም። መተማመን ሲባል የባሕርይ ወይም የስሜት ጉዳይ ይመስለናል። እዚህ ግን ተግባራዊ መልክ አለው፦ የነባሩ ሕዝብ የራሱ ባለሙያ፣ የራሱ መሣሪያ፣ የራሱ ናሙና ያስፈልገዋል። አጥፊው ራሱ ለክቶ ራሱ የነገረውን እመኑ ማለት ከ1986 በኋላ አይቻልም።

ይህን ቀድሞ ያየው የያካማው ራስል ጂም ነው። እስከ 2018 ዕረፍቱ ድረስ ለአሥርት ዓመታት የሕዝቡን የኑክሌር ጽዳት ክትትል የመራ ሰው ነው። በዚያ ዘመን መንግሥት ሃንፎርድን የመላ አገሪቱ ከፍተኛ ጨረር ያለው ዝቃጭ ማከማቻ ሊያደርገው ያስብ ነበር። ለምርመራ የተቆፈረው በጌብል ተራራ ነው፤ ወጣቶች ጾመው፣ ለብቻቸው ሆነው ራእይ የሚጠብቁበት የተቀደሰ ቦታ። በ1982 የወጣው የኑክሌር ዝቃጭ ሕግ ጉዳቱ የሚመለከታቸውን ነባር ሕዝቦች አውቆ ለራሳቸው ጥናት ገንዘብ እንዲሰጣቸው ፈቀደ። ያካማ፣ ዩማቲላና ኔዝ ፐርስ የጂኦሎጂና የውሃ ባለሙያ ቀጥረው የመንግሥትን ሰነድ በሳይንስ ቋንቋ መሞገት ጀመሩ። በ1987 ኮንግረስ ሃንፎርድን ከዕጩነት አወጣው። የወጣበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ፖለቲካም አለበት። የባለሙያ ቢሮዎቹ ግን ተተክለው ቀሩ፤ ዛሬም ይሠራሉ፣ ሃንፎርድን ከሚያስተዳድረው ከፌዴራሉ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በጀት ያገኛሉ። አንድ ሺህ ገጽ ሰነድ ልኮ "በ45 ቀን ውስጥ አስተያየት ስጡ" ማለት አንባቢ ለሌለው ሕዝብ ምንም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ይህ በጀት የግንኙነቱ መነሻ ነው።

ባለድርሻ ወይስ መንግሥት?

በ1989 የጽዳቱን መርሐ ግብር የሚያስር ስምምነት ተፈረመ። ፈራሚዎቹ ሦስት ናቸው፦ የፌዴራሉ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት፣ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲውና የዋሽንግተን ግዛት። የ1855 ውል ባለቤቶች ፊርማ የለበትም።

"ባለድርሻ አካላት" የሚለውን አጠራር በየስብሰባው እንሰማዋለን። ጋዜጠኛውም፣ ማኅበሩም፣ ነጋዴውም ባለድርሻ ነው። ነባር ሕዝቦች በዚህ ስም መጠራትን አጥብቀው ይቃወማሉ፣ ትክክልም ናቸው። ውል የሚፈራረሙት መንግሥታት ናቸው። ያካማ ከአሜሪካ ጋር ውል የፈረመው እንደ መንግሥት ነው። ስለዚህ ንግግሩ በመንግሥትና በመንግሥት መካከል መሆን አለበት፤ ውሳኔ መስጠት ከሚችል ባለሥልጣን ጋር፣ በራሱ ጠረጴዛ። ለሕዝብ ክፍት በሆነ አዳራሽ ሦስት ደቂቃ ማይክሮፎን መስጠት ይህን አይተካም። ሕንጻ አፍራሹ ኮንትራክተር የላከው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛም ምንም ያህል ቅን ቢሆን አይተካውም።

በአንድ ቦታ ይህ ተስተካክሏል ማለት ይቻላል። በወንዙ፣ በዓሣውና በአፈሩ ላይ የደረሰውን ጉዳት የሚገምተውና ካሣው እንዴት ለተፈጥሮ እንደሚመለስ የሚመክረው የሃንፎርድ የተፈጥሮ ሀብት ባለአደራዎች ምክር ቤት ውስጥ ሦስቱ ሕዝቦች ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና ከዋሽንግተንና ኦሪገን ግዛቶች ጋር እኩል ወንበር አላቸው። የሰው ሁኔታ እንኳ ይለወጣል፤ አስተያየት ሊሰጥ የመጣ ሰውና ባለአደራ ሆኖ የተቀመጠ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ አይጠይቁም።

58.7 ግራም

ወደ ስሌቱ ልመለስ፤ የነገሩ ፍሬ እዚህ ነውና።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የውሃ ንጽሕና ልክ ሲያወጣ አንድ ሰው በቀን 6.5 ግራም ዓሣ ይበላል ብሎ ይነሣ ነበር። በወር 200 ግራም ገደማ፣ አንድ ጊዜ ጠግቦ መብላት ማለት ነው። በ1994 የኮሎምቢያ ወንዝ ሕዝቦች የጋራ የዓሣ ኮሚሽን በአራት ሕዝቦች መካከል ያደረገውን ጥናት አሳተመ። አማካዩ በቀን 58.7 ግራም ሆነ። ዘጠኝ እጥፍ።

ቁጥሩን እዩት። በ6.5 ግራም የተሰላ "ደኅና ውሃ" ለአንዱ ደኅና ሆኖ ለሌላው ዘጠኝ እጥፍ መርዝ ነው። ማንም ክፉ ሐሳብ አላሰበ ይሆናል፤ መሐንዲሱ የተሰጠውን ቁጥር ነው ያስገባው። ነገር ግን ቁጥሩ ውስጥ ያለው ሰው ሌላ ቦታ የሚኖር ሰው ነው።

58.7 ራሱም ቢሆን የተቀነሰ ቁጥር ነው። ለሺህ ዓመታት የሳልሞን ገበያና መገናኛ የነበረው የሲላይሎ ፏፏቴ በ1957 በግድብ ውሃ ተውጧል። ሌሎች ግድቦችም ተከታትለው ዓሣው መንምኗል። ሰው በ1990ዎቹ ስንት ይበላል ብሎ መለካት ከተነጠቀ በኋላ የቀረለትን መለካት ነው። ከዚህ የከፋ ወጥመድም አለ፦ ወንዙ ሲበከል ሰው ፈርቶ መብላት ይቀንሳል። የቀነሰው ሲለካ "እነዚህ ብዙ አይበሉም" ይባልና ለጽዳቱ ላላ ያለ ልክ ይበቃል ይባላል። ብክለቱ ራሱን ነጻ የሚያወጣ ምስክር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የነባሮቹ ባለሙያዎች የሚሟገቱት ሕዝቡ ዛሬ የሚበላውን ሳይሆን ውሉ እንዲበላ የጠበቀለትን ቁጥር እንድናስገባ ነው። ኦሪገን በ2011 ልኩን በቀን ወደ 175 ግራም ከፍ አድርጋለች፤ ዋሽንግተንም በ2016 ወደዚያው ሄዷል።

የዩማቲላ ባለሙያዎች በ1997 ከዓሣውም አልፈው የአንድን በባህሉ የሚኖር ሰው ሙሉ ሕይወት በስሌት ጻፉ፤ የሚቆፍረውን ሥራ ሥር ከተጣበቀበት አፈር ጋር፣ ቅርጫት ሲሠራ በጥርሱ የሚይዘውን ሣር፣ የእንፋሎት ቤቱን ጭምር። ያ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ያነሣሁት እንፋሎት በቀመር ገባ። ለእኔ ከማንኛውም የመግባቢያ ሰነድ በላይ ግንኙነት የሚባለው ይህ ነው፤ የአንድ ሕዝብ አኗኗር በሌላው የሒሳብ ወረቀት ላይ ቦታ አገኘ።

ዩማቲላዎች ማዕድ ሲቀርብ ውሃ ይቀድማል። ከውሃው በኋላ ሳልሞን፣ የአጋዘን ሥጋ፣ ሥራ ሥርና የዱር ፍሬ ይከተላሉ። ይህን ቅደም ተከተል የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤታቸው የሥራ መመሪያ አድርጎታል። እንግዳ ሲሰማው የባህል ጌጥ ይመስላል፤ ሃንፎርድ ላይ ግን ቴክኒካዊ ትርጉም አለው። ሪአክተሮቹን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ቧንቧ እንዳያዝግ ክሮሚየም ይጨመርበት ነበር። ያ ክሮሚየም በከርሰ ምድር እየሄደ ሳልሞን እንቁላል በሚጥልበት ጠጠር ሥር ይወጣል። ለሰው መጠጥ የተፈቀደው የፌዴራል ልክ በሊትር 100 ማይክሮግራም ነው። በወንዝ ውስጥ ለሚኖር ፍጡር ግን የግዛቱ ልክ 10 ነው። ውሃው ለሰው ጉሮሮ ሕጋዊ ሆኖ ለሳልሞን ጫጩት ሞት ሊሆን ይችላል። "ውሃ ይቀድማል፣ ቀጥሎ ሳልሞን" የሚል ሕዝብ ጥብቁን ልክ ለምን እንደሚጠይቅ አሁን ግልጽ ነው። ዛሬ የተበከለው ውሃ በወንዙ ዳር እየተሳበ ይጣራል፣ የሚለካውም በጠባቡ ልክ ነው።

የማይነገር እውቀት

አንድ ችግር አለ፣ ቅን መሥሪያ ቤቶችም የሚሰናከሉበት። ከመቆፈር በፊት "የተቀደሱ ቦታዎቻችሁን በካርታ ላይ አሳዩን፣ እንጠብቃቸዋለን" ይባላሉ። ጥሩ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን በመንግሥት መዝገብ የገባ ካርታ ሊወጣ ይችላል፣ ከወጣ የመቃብር ዘራፊ ይመጣል። ከዚያም በላይ አንዳንዱ እውቀት ለሁሉ አይነገርም። በቤተ ክርስቲያን መቅደስ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ሕዝቡ ዝም ሲል ካርታው ባዶ ይወጣል፣ ባዶ ካርታ ደግሞ "እዚህ ምንም የለም" ተብሎ ይነበባል።

የሚሠራው መንገድ ቀርፋፋው ነው። የሕዝቡ ሰዎች ከአርኪዮሎጂ ባለሙያው ጋር መሬቱን በእግር ይሄዱበታል፤ "እዚህ አትቆፍሩ፣ ለምን እንደሆነ አንነግራችሁም" ብለው ይበቃል፤ መዝገቡ ማን እጅ እንደሚቆይ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰናል። ምክንያቱን ሳይሰማ ቃሉን መቀበል ለመሐንዲስ ከባድ ነው። ሆኖም እርሱም የቦምቡን ምሥጢር ለ40 ዓመት ሲጠብቅ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀውም።

ከካናዳ የመጣው ፍርድ

ከኦታዋ በላይ፣ አልጎንኩዊኖች ኪቺ ሲቢ በሚሉት ወንዝ ዳር፣ ቾክ ሪቨር የሚባል የኑክሌር ምርምር ጣቢያ አለ። ኪቺ ሲቢም ታላቅ ወንዝ ማለት ነው። ጣቢያው በ1944 ሲመሠረት አልጎንኩዊኖችን ያማከረ የለም። አሁን አሮጌ ሕንጻዎቹ እየፈረሱ ነው። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው የካናዳ ኑክሌር ላቦራቶሪዎች እስከ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ዝቅተኛ ጨረር ያለው ዝቃጭ፣ ከወንዙ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በመሬት ላይ በተሠራ ጉብታ ሊቀብር ጠየቀ። የኑክሌር ደኅንነት ኮሚሽኑ በጥር 2024 ፈቀደ። ከ11 የአልጎንኩዊን ማኅበረሰቦች 10ሩ ተቃወሙ። ለጣቢያው ቅርብ የሆነው ፒክዋካናጋን ግን በ2023 ከኩባንያውና ከመንግሥቱ ድርጅት ጋር የረጅም ጊዜ ስምምነት ፈርሟል። አንዱ ሲፈርም ሌላው ሲቃወም አይቶ "ራሳቸው አልተስማሙም" ማለት ቀላል ነው። ግን አሥራ አንድ ማኅበረሰብ አሥራ አንድ ውሳኔ የመወሰን መብት አለው፤ የአንዱ ፊርማ የሌላውን ድምፅ አይሸፍንም።

ኬባዎዌክ የሚባለው ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ሄደ። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ በየካቲት 19፣ 2025 የሰጠው ውሳኔ በሁለት ነገሮች ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብት መግለጫ ነው። ካናዳ በ2007 ሲጸድቅ ተቃውማው ነበር፤ በ2021 ግን በአገር ሕግ አጽድቃዋለች። አንቀጽ 29 በነባር ሕዝቦች መሬት ላይ አደገኛ ነገር ያለ ነጻ፣ አስቀድሞ የተሰጠና በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃዳቸው እንዳይከማች መንግሥታት እንዲያረጋግጡ ይላል። ኮሚሽኑ "ይህን ልመረምር ሥልጣን የለኝም" ብሎ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ተሳስተሃል አለው። ሁለተኛው አካሄዱ ነው። ምክክሩ የማኅበረሰቡን ሕግ፣ እውቀትና የአሠራር ልማድ ተከትሎ፣ ስምምነት ላይ ለመድረስ ታስቦ መካሄድ ነበረበት። ይህ ማለት ማኅበረሰቡ በአንድ ቃል ሥራውን የማስቆም ሥልጣን አገኘ ማለት አይደለም፤ ፍርዱ ይህንን ለይቶ ተናግሯል። ማለት የሚቻለው መሥሪያ ቤቱ ባዘጋጀው ቅጽና የጊዜ ሰሌዳ ብቻ ተመክሮ "አማክረናል" አይባልም ነው። ፍርድ ቤቱ ምክክሩ እንዲቀጥልና እስከ መስከረም 30፣ 2026 ለማጠናቀቅ እንዲታሰብ አዘዘ። ኩባንያው ይግባኝ ብሏል።

ጠቡ የተነሣው ብክለት ስለማስወገድ መሆኑን ልብ በሉ። ማንም ጣቢያው ሳይጸዳ ይቅር አላለም። ኬባዎዌክ የጠየቀው ዝቃጩ ከታላቁ ወንዝ አጠገብ ለምን ይሆናል፣ ሌላ ቦታ ለምን አልታየም የሚል ነው። ጽዳትም እንደ ግንባታው ሁሉ ቦታ ይመርጣል፤ የሚመረጠው ቦታ ደግሞ የአንድ ሰው ደጅ ነው።

75 ዓመት

ሃንፎርድ ላይ ሪአክተሮቹ ወዲያው አይፈርሱም። በዙሪያቸው ያለው ሕንጻ ይፈርስና ልባቸው በብረት ጣሪያና ግድግዳ ይታሸጋል፤ ጨረሩ በራሱ እስኪቀንስ እስከ 75 ዓመት ይቆያሉ። መጀመሪያ የታሸገው በ1998 ሲ የሚባለው ሪአክተር ነው። እስከ 2022 ሰባት ታሽገዋል። ቢ ሪአክተር ሙዚየም ሆኗል፤ ጎብኚ ይገባበታል።

በዚህ መካከል የሚለወጠው ብዙ ነው። ቦታውን በ1943 ያቋቋመው ዱፖንት በ1946 ለጄኔራል ኤሌክትሪክ አስረክቦ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ኮንትራክተሮች እየተፈራረቁ ነው። የመንግሥት ኃላፊዎች በየምርጫው ይቀየራሉ። አዲሱ ሰው ሲመጣ በ1990ዎቹ ምን ቃል እንደተገባ፣ የትኛው ጉድጓድ ለምን እንደተቆፈረ፣ የትኛው ሽማግሌ የትኛውን ቦታ እንዳሳየ የሚነግረው ብዙ ጊዜ በያካማ ወይም በዩማቲላ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠው ባለሙያ ነው።

የሲ ሪአክተር 75 ዓመት የሚሞላው በ2073 ነው። ያን ጊዜ ልቡ ተነሥቶ ወዴት ይሂድ የሚለውን ለመነጋገር በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ገና ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ አልተወለዱም። ኩባንያውን ወክሎ የሚመጣው ማን እንደሚሆን ዛሬ ማንም አያውቅም። በሌላው በኩል የሚቀመጡት ግን የ1855ቱን ውል የፈረሙት ሰዎች ልጆች ልጆች ይሆናሉ፣ ከፕሪስት ራፒድስም የወንዙ ሰዎች።